እሾህ በገንዘቡ ከሚገዛው የእህትዎ ልጅ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

እኔ የእግዚአብሔር ቸርነት ስላልተለየኝ ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም፤ ጉልበቴም የታመመው ከዚህ በታች በምተርከው ጉዳይ ምክንያት መሬት ለመሬት ስንበረከክ እንጂ፣ እርስዎ በበጎ እንደሚገምቱት ከስግደት ብዛት አይደለም።

ባለፈው ጊዜ «ለመሆኑ በዚያ አገር ምን ትዘራለህ?» ብለው ሲጠይቁኝ በስልክ ለመናገር አፍሬ ወሬውን ወደ በሬዎ ጤንነት መለስሁት። እነሆ አሁን ልንገርዎ፤ እርስዎ በቆቦ ሜዳ ከማሽላዎ መካከል ብቅ ባለ ቁጥር እየተራገሙ የሚነቅሉትን፣ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ የሚያወጣውን የዚያን እሾሃም አረም የቅርብ ዘመድ፣ እኔ ዘሩን በዶላር ገዝቼ በደጄ ዘርቻለሁ። አባታችን አዳም በመርገም የተቀበለውን እሾህና አሜከላ የልጅ ልጁ በአውሮራ ከተማ ደረሰኝ አስቆርጦ ገዛው ቢሉኝ የምመልሰው የለኝም።

ሆኖም ዘመድ ነው እንጂ ራሱ አይደለም። የእርስዎው አበባው ቢጫ ነው፤ ከሜክሲኮ በእንግድነት መጥቶ ባለርስት ሆኖ የቀረ ነው። የእኔው ነጭ፣ የዚህ የኮሎራዶ ሜዳ ተወላጅ ሲሆን፣ ሊቃውንተ ዕፀዋት አርጌሞኔ ፖሊያንቴሞስ ይሉታል። ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ ከቅጠሉ እስከ ፍሬው ሽፋን ድረስ እሾህ ያልለበሰ ክፍል የለውም፤ በዚህ ሁሉ ጦር መካከል ግን እንደ ስስ ወረቀት የተጨማደደ ነጭ አበባ መዳፍ የሚያህል ሆኖ ይከፈታል፤ መካከሉም ወርቅ ነው። የአገሩ ሰው «የላም ጠባቂ የእንቁላል ጥብስ» ብሎ ስለሚጠራው፣ በጾመ ፍልሰታ ጠዋት ጠዋት በመስኮት በተመለከትሁ ጊዜ የሚደርስብኝን ፈተና ለእርስዎ መዘርዘር አያሻም።

ወደዚህ ያደረሰኝ የጎረቤቶቼ ሣር ነው። ከኛ አጠገብ ያለችው ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,609 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ዝናቧና በረዶዋ ተደምሮ በዓመት 400 ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ ፀሐይዋ ግን ለሰው የማትራራ ከተማ ስትሆን፣ ሕዝቡ ዝናብ ለማያልቅበት አገር የተፈጠረውን ለምለም ሣር በየደጁ ዘርግቶ፣ ውሃ በገንዘብ እየገዛ ያጠጣዋል፤ ባደገም ጊዜ ያጭደዋል፤ ያጨደውንም ይጥለዋል። ጋሼ፣ ሣር አብቅሎ፣ አጭዶ፣ ለላም የማይሰጥ ሕዝብ ሰምተው ያውቃሉ? የዴንቨር የውሃ መሥሪያ ቤት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ውሃ የማይፈጀውን አተካከል «ዜሪስኬፕ» ብሎ ሰይሞ ማስተማር የጀመረ ሲሆን፣ የኮሎራዶ መንግሥትም በ2022 ሣሩን ነቅሎ በሌላ ተክል ለሚተካ ሰው ድጎማ የሚሆን ገንዘብ በሕግ መደበ። ሣር በመንቀል ገንዘብ በሚገኝበት አገር እሾህ መዝራት ምኑ ያሳፍራል?

አዘራሩን ቢያዩ ደግሞ ገበሬ መሆንዎ ይቆጭዎታል። ማረስ የለ፣ ፍግ የለ፣ ጥበቃ የለ። በረዶ ከመውደቁ በፊት ጠጠርና አሸዋ በበዛበት፣ ውሃ በማይተኛበት፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሚመታው መሬት ላይ ዘሩን በትነው ይሄዳሉ፤ የበረዶው ወራት ቅዝቃዜ ራሱ ዘሩን ከእንቅልፉ ያነቃዋል። ሥሩ ቀጥ ብሎ በጥልቀት ስለሚወርድ ከቦታ ወደ ቦታ መዛወርን አይታገሥም። በጥማትና በችጋር ሲጸና የነበረውም ተክል፣ ደግ ሰው አዝኖለት ውሃና ፍግ ያበዛለት እንደ ሆነ ተንጋዶ ይወድቃል፣ ሥሩም ይበሰብሳል፤ ገዳሙን ትቶ ከተማ እንደ ገባ ባሕታዊ ማለት ነው። ጥንቸሎቹ የጎረቤቴን አበባ ሁሉ ጨርሰው የእኔን አሽትተው ያልፋሉ።

ከቅዳሴ በኋላ ሊጠይቁኝ የመጡ እናቶች ጎመንና ጤና አዳም ፈልገው አጥተው አዝነውልኛል። የንስሐ አባቴ ግን ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው ሳለ፣ የቀሚሳቸው ዘርፍ በእሾሁ ተይዞ፣ እኔም ላስለቅቅ መሬት ላይ ስንበረከክ እጄ ተወግቶ፣ ሁለታችንም በጎረቤት ፊት ለረጅም ጊዜ ታስረን ቆየን። በመጨረሻም፣ «ልጄ፣ ይህን የተከልኸው ለጌጥ ነው ወይስ በቀኖና?» ብለው ጠየቁኝ። ለጌጥ ነው ብል እንደ እብድ እንዳያዩኝ ሰግቼ ዝም አልሁ፤ እርሳቸውም ዝምታዬን በትሕትና ተርጉመው ባረኩኝ።

አሁን ቀልዱን ትቼ አንድ ብርቱ ነገር ላሳስብዎ። የእርስዎው አረም ዘር ትንሽና ጥቁር ስለ ሆነ ከሰናፍጭ ጋር ይመሳሰላል፤ መርዝም አለበት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 በሕንድ አገር በዴልሂ ከተማ የዚህ አረም ዘይት ከሰናፍጭ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሕዝቡ በእብጠት በሽታ ተይዞ ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ እትዬ ለጾሙ ሰናፍጭ ከማስፈጨታቸው በፊት በብርሃን ዘርግተው በዓይናቸው ያስለቅሙ፤ ገጹ ሸካራ የሆነ ፍሬ ካገኙም ለዶሮ እንኳ ሳይሰጡ እሳት ውስጥ ይጣሉት። ከተለቀመውም ሰናፍጭ፣ መንገደኛ ሲገኝ፣ ጥቂት ይላኩልኝ፤ እዚህ የሚሸጠው አፍንጫ አያስለቅስም።

የእህትዎ ልጅ፣ ከአውሮራ