በእንተ ሞክሼ

የፊደላችን ሊቃውንት ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ልዩ ልዩ የሆኑትን ፊደላት «ሞክሼ» ብለው ሲጠሩ፣ ሀሌታው ሀ ከሐመሩ ሐ፣ እሳቱ ሰ ከንጉሡ ሠ፣ ጸሎቱ ጸ ከፀሐዩ ፀ ጋር በአንድ ገበታ ስንት ዘመን ያለ ጠብ እንደ ኖሩ የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሁሉ ያውቃል። ሞክሼዎቹ ይቀነሱ በሚሉና አይነኩ በሚሉ ሰዎች መካከል ግን እስከ ዛሬ ዕርቅ አልወረደም፤ ከዚህም ሞክሼነት ጠብ የሚያመጣው በባለቤቶቹ ዘንድ ሳይሆን በተመልካቾቹ ዘንድ መሆኑን እንማራለን። ይህ አነስተኛ ጥናት የሚመረምረው የፊደልን ሳይሆን የሰውን ሞክሼ ነው፤ ይኸውም ሳይሻ ስሙን ከስመ ጥር ሰው ጋር የተጋራውን፣ በዚያም ምክንያት ያልዘፈነውን ዘፈን እያመሰገኑ የማያውቃቸው ሰዎች የአድናቆት ደብዳቤ የሚልኩለትን ሰው ነው።

ቶሮንቶ ለዚህ ምርመራ የተመረጠችው በአጋጣሚ አይደለም። ዓለም «ዘ ዊክንድ» እያለ የሚጠራው፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በዚህችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990 ተወልዶ በስካርቦሮ ያደገው ድምፃዊ የመዝገብ ስሙ አቤል ተስፋዬ ነው። አቤል ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ጀምሮ በአገልግሎት ላይ ያለ ስም ሲሆን፣ ተስፋዬ ደግሞ ምግብ ቤቶቻችን ተሰልፈው በሚታዩበት በዳንፎርዝ ጎዳና፣ ከግሪንውድ የምድር ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ቅዳሜ ማታ ቢጠሩት ከአንድ በላይ «አቤት» ሊያስገኝ የሚችል ስም ነው፤ እንግዲህ እነዚህ ሁለት የተለመዱ ስሞች ተጋጥመው አንድ ሰው ብቻ ያፈራሉ ብሎ ማሰብ ከሥነ አመክንዮ የራቀ ይሆናል።

አባቶቻችን ይህን ችግር አስቀድመው ስላወቁት መላ አበጅተውለት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ዮሐንስን መጥምቅ፣ ወንጌላዊ፣ አፈ ወርቅ እያለች፣ ያዕቆብንም የዘብዴዎስ ልጅና የእልፍዮስ ልጅ ብላ ለየች፤ ቤተ መንግሥትም በበኩሉ «ዳግማዊ» የሚል ቃል ይዞ ቴዎድሮስንና ምኒልክን በተራ አስቀመጠ። ይልቁንም የቋራው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ «ቴዎድሮስ» መባልን የመረጠው በትንቢት የተነገረለት ንጉሥ በዚህ ስም ይመጣል ይባል ስለ ነበረ፣ ሞክሼነት ሰው የሚሸሸው ዕዳ ብቻ ሳይሆን ዘውድ ደፍቶ የሚሻው ማዕረግም እንደ ነበረ ታሪክ ይመሰክራል።

የካናዳ ቅጽ ግን «መጥምቅ» ወይም «ዳግማዊ» የሚሞላበት ሣጥን የለውም። ያለው ፈርስት ኔምና ላስት ኔም ነው፤ የአባት ስም በላስት ኔም ሣጥን ከገባ በኋላ ልጅ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ተራውን ሲጠብቅ «ሚስተር ተስፋዬ» ተብሎ ይጠራል፤ በዚህም አኳኋን ምናልባት ከወረዳቸው ርቀው የማያውቁ፣ በረዶ በዓይናቸው ያላዩ አባት በባዕድ አገር በልጃቸው ክንድ ላይ የደም ግፊታቸው ሲለካ ይውላል። በሕንፃው የፖስታ ሣጥን ላይ ደግሞ «ኤ. ተስፋዬ» ተብሎ ይጻፋል፤ አንዲቱ «ኤ» አበበም፣ አልማዝም፣ አቤልም ልትሆን ስለምትችል፣ ደብዳቤ ለመላክ ለሚሻ ሰው ወለል ብላ የተከፈተች በር ናት።

ስመ ጥሩው ሰው ራሱም ከሞክሼ ፈተና አላመለጠም። በኦንታርዮ ውስጥ በምትገኘው በለንደን ከተማ፣ እርስዋም ራስዋ የእንግሊዟ ለንደን ሞክሼ በሆነችው፣ «ዘ ዊክኤንድ» የሚባል የሙዚቃ ጓድ ቀድሞ ስለ ነበረ፣ የመድረክ ስሙን ሲያወጣ በሕግ እንዳይጠየቅ ከእንግሊዝኛው ቃል አንዲት ፊደል ቀንሶ ጻፈ። ይህ በአንድምታ ሲተረጐም እንዲህ ይሆናል፤ አንድም የጎደለችው ፊደል ለሕግ የቀረበች እጅ መንሻ ናት፤ አንድም መልኩ ተለውጦ ድምፁ ስላልተለወጠ፣ በሀሌታውና በሐመሩ ሥርዐት መሠረት ከጓዱ ሊለይ ብሎ ፍጹም ሞክሼው ሆነ፤ አንድም ሰንበቱ ጎዶሎ ነውና ያላለቀ ሥራ አለ ማለት ነው። ደግሞም ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2016 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለግእዝ ትምህርት 50,000 ዶላር መለገሱ የታወቀ ስለ ሆነ፣ አንዲት የላቲን ፊደል አጉድሎ 26ቱን የግእዝ ፊደላት ከነሰባት ዘራቸው፣ ማለት 182 አድርጎ ካሰ ብንል ከእውነት አንርቅም። የቶሮንቶ ከተማም ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021ን «የዘ ዊክንድ ቀን» ብላ ብታውጅለት ዕለቱ እሑድ ሆነና ሰንበት በሰንበት ላይ ተደረበ።

እስከዚህ ድረስ ሌሎቹ አቤል ተስፋዬዎች በመድረኩ ስም ጥላ ሥር በሰላም ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ድምፃዊው በማኅበራዊ መገናኛ ገጾቹ ላይ የመድረክ ስሙን አንሥቶ አቤል ተስፋዬ ብሎ ጻፈ። ለእርሱ ወደ ቤት መመለስ ነበረ፤ ለሞክሼዎቹ ግን ባለቤቱ ከረዥም ጉዞ ድንገት ገብቶ ተከራዮቹን በእራት ላይ እንዳገኘ ያለ ቀን ሆነ።

ጥናታችን በመላ ምት ብቻ እንዳይቀር፣ በዳንፎርዝ ባለ አንድ ቡና ቤት አራት ሆነን ተቀምጠን፣ በእድራችን መዝገብ ላይ ስማቸውን እንጂ መልካቸውን ለማናውቀው አንድ ሞክሼ የአድናቆት ደብዳቤ ጻፍን። ከ«ይድረስ» ቀጥሎ ስለ ጤንነት የሚጠየቀው ጥንታዊ ወግ በዚህ ጊዜ በቂ ምክንያት ነበረው፤ ድምፃዊው እ.ኤ.አ. በ2020 በአንድ የሽልማት በዓል ላይ ፊቱን በፋሻ ጠቅልሎ ስለ ታየ፣ ቁስሉ እንደምን እንዳለ ጠየቅን። በአንድ ዘፈኑ መጨረሻ አማርኛ ብንሰማ ደስ እንዳለን ገለጽን፤ የሚቀጥለውም ከመጨረሻው ይልቅ በመጀመሪያው ላይ እንዲሆን በትሕትና አመለከትን።

ከሁሉ የከበደን ግን ተውላጠ ስም ነው። የእንግሊዝኛ አድናቂ «ዩ» ብሎ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ይገላገላል፤ በአማርኛ ግን ዘፋኝን «አንተ» ካላሉት ፍቅሩ አይታወቅም፣ የማያውቁትን ሰው «አንተ» ካሉት ደግሞ አሳዳጊዎ ይሰደቡበታል። አንድ ጀበና ቡና እስኪያልቅ ከተከራከርን በኋላ፣ ዘፋኙ ቢሆን ከሚደርስብን ሣቅ ይልቅ ሽማግሌ ቢሆኑ የሚደርስብን ርግማን ስለሚከፋ፣ በአንድ ድምፅ «አንቱ» ብለን ወሰንን። መድኃኒት ቤት ውስጥ ካለው የፖስታ መስኮት ቴምብር ገዝተን ስንልክም ኅሊናችን አልወቀሰንም፤ የካናዳ ፖስታ ለገና አባት ብቻ የተለየ የፖስታ ኮድ አውጥቶ፣ ልጆች ለሚጽፉለት ደብዳቤ በበጎ ፈቃደኞች እጅ መልስ ሲልክ በሚኖርበት አገር፣ ባለቤቱ ያልሆነ ሰው መልስ ይስጥ ማለት እንግዳ ነገር አይደለምና።

መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። እሳቱን ከንጉሡ፣ ጸሎቱን ከፀሐዩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያሳስት በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ነበር። ለዘፈኑ ያለንን ፍቅር መቀበላቸውን፣ ፊታቸው ደኅና መሆኑን፣ በክረምት ግን ጉልበታቸውን እንደሚቆረጥማቸው ከገለጹልን በኋላ፣ ስሙን ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጠሩበት ስለ ኖሩ ልጁ የእርሳቸው ሞክሼ እንጂ እርሳቸው የልጁ እንዳልሆኑ አስረዱ፤ አክለውም፣ የሦስት ወር የእድር መዋጮ ቀርቶብዎታል የሚል ማስታወቂያ እንደ ደረሳቸው፣ ያም ዕዳ ምናልባት የልጁ ሊሆን ስለሚችል ከእርሱ እንድንጠይቅ አሳሰቡ። በፊርማቸው ሥር አንዲት ቃል ነበረች፦ «ቀዳማዊ»።

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ስም እንደ ንግድ ምልክት በሚቆጠርበት አገር ሞክሼ ተከሳሽ ነውና ከስሙ ፊደል ቀንሶ ያመልጣል፤ በእኛ ዘንድ ግን ዳግማዊ ሲመጣ የፊተኛው ቀዳማዊ ስለሚባል፣ ሞክሼው ለሞክሼው ማዕረግ ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም፤ ስለዚህም ለሞክሼ የተላከ ደብዳቤ አድራሻውን ሳተ አይባልም። አንባቢ ሆይ፣ ለማታውቀው ሞክሼ ብትጽፍ «አንቱ» በል፤ ላንተም ቢጻፍልህ ያልዘፈንከውን ዘፈን አመስግነህ ተቀበል። የእድር መዋጮህን ግን ራስህ ክፈል።