ከመገናኛ እስከ አያት፦ የምሳ ፍለጋ የመስክ ጥናት

ከመገናኛ ተነስቶ በጉርድ ሾላ፣ በሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ፣ በሲኤምሲና በመሪ አድርጎ አያት የሚገባው መንገድ የአዲስ አበባን የምሥራቅ ዳርቻ ሕዝብ ጠዋት ወደ መሀል ከተማ እንደሚያግዝና ማታ እንደሚመልስ የታወቀ ነው። ይኸው ሕዝብ በመካከሉ ምን በልቶ እንደሚውል ግን የሚጠይቅ የለም። ስለ መንገዱ መጨናነቅ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ባቡሩም እንዲሁ። ስለ ሽሮው ዝም ተብሏል። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት ለመሙላት የቀረበ ሲሆን፣ አጥኚው በዚያው አጋጣሚ የግል ክፍተቱንም ሞልቷል።

ማንኛውም የተከበረ ጥናት ከስያሜ ይነሳልና እኛም ከዚያው እንነሳ። ሲኤምሲ ስሙን የወረሰው ከአንድ የጣሊያን የግንባታ ኅብረት ሥራ ድርጅት ነው። አያት ከአንድ ቤት አልሚ ኩባንያ ጋር ስም ይጋራል። ሲቪል ሰርቪስ ማለት ቢሮ ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ በስሙ ውስጥ የሚበላ ነገር ያለው ሰፈር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጉርድ ሾላ። የሾላ ፍሬ ይበላል። ሾላዋ ግን፣ ስሟ እንደሚመሰክረው፣ ተቆርጣለች። መንገዱ ለተራበ ሰው ታስቦ የተሠራ እንዳልሆነ ገና ከጅምሩ ፍንጭ ይታያል።

የጥናቱ ዘዴ ቀላል ነው። አጥኚው ቁርስ ሳይቀምስ ከቤቱ ይወጣል፤ ጠግቦ የወጣ ተመራማሪ ሁሉም ምግብ ቤት አንድ ይሆንበታልና። የተጠኑት ቤቶች ስም በጽሑፉ ውስጥ አልተጠቀሰም። ይህ የሆነው ለሙያ ሥነ ምግባር ሲባል ነው ብንል ደስ ባለን፤ ዋናው ምክንያት ግን ወንበር ነው። አብዛኞቹ ቤቶች ያላቸው ጠረጴዛ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ፣ ስማቸው ጋዜጣ ላይ የወጣ ዕለት አጥኚው ቆሞ ይበላል።

የመጀመሪያው ግኝት አስፋልቱን ይመለከታል። አስፋልት ዳር የቆሙት ሕንፃዎች ምድር ቤታቸውን ለባንክ፣ ለፋርማሲ፣ ለሞባይል መሸጫና ለካፌ አከራይተዋል። ለማኪያቶ አንድ ማሽንና ማሽኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ይበቃል። ሽሮ ግን ወጥ ቤት ይፈልጋል፤ ጭስ መውጫ፣ እንጀራ ማስቀመጫ፣ ሰሃን ማጠቢያ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ቦታ ይይዛል፤ አስፋልት ዳር ደግሞ ቦታ በካሬ ሜትር ተለክቶ ነው የሚከራየው። በዚህ የተነሳ ሽሮ ወደ ውስጥ ተሰዷል። የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው ቦታዎች ስደቱ ተፋጥኗል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራት ቆሞለታል፤ እርጥብና ፓስቲ ይሸጥበት የነበረ ጥግ ላይ ዛሬ አበባ ተተክሏል። አበባው ያምራል። አይበላም እንጂ።

ስለዚህ ጥሩ ምግብ ቤት ሁልጊዜ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው የሚገኘው። አድራሻውን የሚነግርህ ሰው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይደክምም። «ሚካኤልን በቀኝህ ይዘህ ወረድ በል፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ትራንስፎርመር ታያለህ፣ እዚያ ስትደርስ ጠይቅ» ይልሃል። «ስትደርስ ጠይቅ» የማንኛውም የአዲስ አበባ አድራሻ የመጨረሻ መስመር ነው። ትራንስፎርመሩ ሥር ሁልጊዜ የምትጠየቅ አንዲት ሴት አለች፤ ቆሎ ትሸጣለች። ሁለት ጊዜ ሳትጠየቅ አትመልስም፤ ሲያስቡት ልክ ናት፣ ቆሎዋን ሳይገዙ ነው የሚጠይቋት።

ቀጥሎ የመጣው የምልክት ሰሌዳ ጉዳይ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ «ባርና ሬስቶራንት» የሚሉ ባነሮች በብዛት ተሰቅለዋል፤ ባነሮቹ ላይ በርገር፣ ፒዛ፣ የተጠበሰ ዓሣና ዶሮ ወጥ በፎቶ ይታያሉ። በርገሩና ፒዛው ከኢንተርኔት የወረዱ ስለሆኑ ከጥናቱ ውጭ ተደርገዋል። ዶሮ ወጡ ግን ጠቃሚ መረጃ ይዟል። ባነር ፀሐይ ላይ ሲከርም መጀመሪያ የሚለቀው ቀዩና ቢጫው ቀለም ነው፤ የሚቀረው ሰማያዊው ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ማንኛውም የተሰቀለ ዶሮ ወጥ ቀስ በቀስ ሰማያዊ ይሆናል። እንቁላሉ ነጣ ብሎ ሲቀር፣ መረቁ የሐይቅ መልክ ይይዛል። ላየው ሰው ያስፈራል። አጥኚው ግን በዚህ ጉዳይ አቋሙ ግልጽ ነው፦ ዶሮ ወጡ የሰማየበት ቤት የኪራይ ጭማሪን፣ የዘይት ዋጋንና በርካታ በጋዎችን ችሎ የቆየ ቤት ነው፤ ባለቤቷም ባነር ለማሳደስ ጊዜ ያጣችው ሰው ስለማይጠፋባት ነው። ቀይ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ዶሮ ወጥ ባለፈው ወር የተከፈተ ቤት ምልክት ነው፤ አስተናጋጁ ገና ዋጋውን አልሸመደደም። ዶሮ ወጡ ድምጥማጡ ጠፍቶ ባነሩ ነጭ ብቻ ከሆነ ደግሞ ውስጥ ገብተው ቁጭ ይበሉ፤ ሜኑም አይጠይቁ።

ለሚቸኩሉ አንባቢዎች ፈጣን መለኪያ አለ፤ እሱም ሚኒባስ ነው። የታክሲ ሹፌር ለምሳ ሲቆም ቢያጆ እያመለጠው ነው፤ ቢያጆውን የሚያስረሳ ጥብስ ካላገኘ አይቆምም። ስለዚህ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች አፍንጫቸውን ወደ አንድ ግቢ አዙረው ከቆሙ ጉዳዩ ተጠንቶ አልቋል። ባጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ የሚመጡ የቢሮ ሠራተኞችም አስተማማኝ መረጃ ሰጪዎች ናቸው፤ ከጠረጴዛው ርዝመት ማን አለቃ እንደሆነና ማን እንደሚከፍል ሳይቀር ይነበባል። በአንጻሩ በላፕቶፕ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ለማንኛውም መደምደሚያ አይረዳም። የመጣው ለዋይፋይ ነው።

ስለ ባቡሩ ሳይነሳ ይህ ጥናት ሙሉ አይሆንም። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል፤ ሐዲዱ መሀል ለመሀል ያልፋል፣ ግራና ቀኙ ታጥሯል። ከትራንስፖርት አንጻር ስለዚህ የሚናገሩ ባለሙያዎች አሉ። ከምሳ አንጻር ያስከተለው ውጤት የሚከተለው ነው፦ እያንዳንዱ ሰው የሚቆምበት ወገን አለ፣ የሚመኘው ደግሞ ማዶውን ነው። ከአጥሩ ወዲህ ቆመህ ማዶ የሚጠበሰው ሥጋ ይሸትሃል፣ ጭሱ ይታይሃል፣ ከበላተኞቹ አንዱን ምናልባት ታውቀዋለህ፣ እጁን ያውለበልብልሃል። ለመድረስ ግን እስከሚቀጥለው ማቋረጫ መሄድና በዚያ ወገን ይህንኑ ያህል መመለስ አለብህ። መኪና የያዘ ሰው ጭራሹን ዞሮ ለመምጣት ሌላ ሰፈር ይጎበኛል። አጥኚው እንደታዘበው ይህንን ጉዞ ጀምሮ የጨረሰ ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ግማሽ መንገድ ላይ ያገኘው ቤት ገብቶ ፓስታ በአትክልት ያዝዛል። ፓስታ በአትክልት በዚህ መንገድ ላይ ማንም አስቦት የማይመጣበት፣ ሁሉም ግን የሚበላው ምግብ ነው።

ከቦታው ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ የተገኘው ቀኑ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ዕረፍት ከሰኞ እስከ ሐሙስ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ አርብ ለጁምዓ ሶላት እንዲመች ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ነው። በሳምንቱ ረዥሙ ምሳ አርብ ነው ማለት ነው። አርብ ደግሞ የኦርቶዶክስ ጾም ነው። ማዶ ድረስ ተጉዞ፣ ዞሮ፣ ጥብስ አዝዞ፣ ቡና ጠጥቶ ለመመለስ የሚበቃ ብቸኛው ሰዓት ለጾመኛው የተሰጠው ጥብስ በማይቀመስበት ቀን ነው። በሁዳዴማ ለ55 ቀን ጭራሽ ሰዓቱም ቀኑም አይረዳም። ሥጋ ቤቶቹ መጋረጃቸውን ይጥላሉ፣ ቆራጩ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል። በያይነቱ ግን በዚህ ወቅት ያብባል፤ ቀይ ሥሩ፣ ድፍን ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶልያው፣ ሱፍ ፍትፍቱ ትሪውን ሞልቶ ሲመጣ ጾም ለሰውነት ድካም የታዘዘ መሆኑ ይዘነጋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ይህ ጥናት አይገባበትም። ክርክሩ የሚካሄደው ዓሣው ከታዘዘ በኋላ መሆኑን ብቻ ይመዘግባል።

አሁን ውስጥ ገብተናል እንበል። የሚከተለው ንግግር በተለያዩ ቤቶች፣ በተለያዩ አስተናጋጆች አንደበት፣ አንድ ቃል ሳይዛነፍ ተመዝግቧል።

«ምን ልታዘዝ ጋሼ?»

«ምን ምን አለ?»

«ሁሉም አለ።»

«ክትፎ አድርጊልኝ፣ ለብ ለብ።»

«ክትፎ እንኳን አልቋል።»

«ዱለት?»

«ዱለት ጠዋት ነው ጋሼ።»

«ቋንጣ ፍርፍር?»

«እሱ ነገ ይኖራል።»

«እና ምን አለ?»

«ጥብስ፣ ሽሮ፣ በያይነቱ።»

ይህ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ውሸት አይደለም። «ሁሉም» ሦስት ምግብ ነው። እንግዳ ሰው ሜኑ ላይ የተዘረዘረውን ያነባል፤ የሰፈሩ ሰው ግን ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን አይቶ «እንደሱ» ይላል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። የአጥኚው ምክር ከዚህ ከፍ ያለ ነው፦ ተጋቢኖ ሽሮ ከነሸክላው እየተንተከተከ ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ ካዩ፣ ከሸክላው ጋር በዓይንዎ ይሂዱ፣ የተቀመጠለትን ሰው ዕድሜ ይገምቱ። ከሃምሳ በላይ የሆነ ሰው በዚያ ቤት ብቻውን ሽሮ ከበላ ቤቱ አያሳፍርም፤ በዚያ ዕድሜ ሰው መጥፎ ሽሮ ለመብላት ከቤቱ አይወጣም።

ሥጋ ቤት የተለየ ሥርዓት አለው። እዚያ ሜኑ አይመጣም፤ ሜኑው ተሰቅሏል። ደንበኛው ቆሞ በጣቱ ይጠቁማል፦ «ከሽንጡ አድርግና ከሻኛው ጣል አርግበት፣ ጮማ እንዳይበዛ»። ቆራጩ ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያሻውን ይቆርጣል። «ላንተ ብዬ ያስቀመጥኳት አለች» ይላል ከዚያ። ከኋላህ የቆመው ሰውዬም ይችኑ ያስቀመጣትን ይወስዳል። ይህ ሰው ሁሉን እኩል የሚያይ ሰው ነው፤ አጥኚው ሊወቅሰው አልፈለገም።

ከመብላት በፊት እጅ መታጠብ አለ። በዚህ መንገድ ላይ ያሉ ትናንሽ ቤቶች መታጠቢያ አንድ ዓይነት ንድፍ ይከተላል፦ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል፣ ከሥሩ ባልዲ፣ ከጎኑ ክዳኑ በምስማር የተበሳ የውሃ ፕላስቲክ። ፕላስቲኩ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና አለ፤ ሳሙናው ባነሰ ቁጥር ውሃ ይጨመርበታል። ጠዋት አረንጓዴ የነበረው እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ የአረንጓዴ ትዝታ ይሆናል። አጥኚው የምግብ ቤቱን ገበያ ከሳሙናው መቅጠን ማንበብ ይቻላል ባይ ነው፤ የቀጠነ ሳሙና ብዙ እጅ አይቷል። ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሶፍቱ በሦስት ማዕዘን ተቆርጦ ብርጭቆ ውስጥ ተሰክቶ ይጠብቃል። አንዱን ሶፍት ለአራት የከፈለችው ሴት ማን እንደሆነች ማንም አይቷት አያውቅም፤ ቁርጧ ግን ከመገናኛ እስከ አያት አይለያይም።

ሌላ አንድ መለኪያ እንጨምር፤ የእንጀራ ጭማሪ። ወጡ ሳያልቅ እንጀራው ሲያልቅ ሳይጠየቅ ጠቅልሎ የሚያመጣ ቤት አለ፤ «ይጨመር?» ብሎ የሚጠይቅም አለ። ሁለተኛው ዓይነት ጭማሪውን ደረሰኝ ላይ ይጽፈዋል። ቡናዋ ግን የማንም አይደለችም። በሩ አጠገብ ቄጤማ ጎዝጉዛ ረከቦቷን የዘረጋችው ሴት ከምግብ ቤቱ ጋር የምትጋራው ጣሪያ ብቻ ነው፤ ሂሳቧም ለብቻ ነው፣ ኩርፊያዋም ለብቻ።

የጥናቱ ዋነኛ ውስንነት ዋጋ ነው። አጥኚው የየቤቱን ዋጋ ከነ15 በመቶ ቫቱ መዝግቦ በሠንጠረዥ ለማቅረብ አስቦ ነበር። ሂሳብ ሲመጣ ግን አብሮት የበላው ሰው ደረሰኙን ነጥቆ ጠረጴዛ ሥር ይደብቃል። አጥኚው ይነሳል፤ ያኛውም ይነሳል። «በሞቴ!» «ኧረ ሞቼ እገኛለሁ!» ይባባላሉ፤ አንደኛው የሌላውን እጅ ይጠመዝዛል፣ አስተናጋጇ በሁለቱ መካከል ቆማ የቀደመላትን ብር ትቀበላለች። ብቻውን ሲሄድ ደግሞ ቀድሞ የወጣ የሰፈር ሰው ከፍሎለት ይጠብቀዋል። የሠንጠረዡ የዋጋ ዓምድ ባዶ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።