የአንበሳው ጡረታ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ነጭ ዐባይና ጥቁር ዐባይ በሚገናኙበት በካርቱም፣ ቱቲ ከምትባለው ደሴት ዳር አንድ የውኃ መዘውር ነበረ። በሬዎች ይዞራሉ፣ መዘውሩ ይዞራል፣ ውኃው ማሳ ይገባል። ጎኑ የደከመ፣ ጥርሱ የረገፈ በሬ ከቀንበር ተፈትቶ ለምለም መስክ ላይ ይለቀቃል። ግመልም፣ ውሻም፣ አህያም እንዲሁ ዓመታቸው ሲሞላ ያርፋሉ። ሕጉን የጻፈችው በመንግሥቱ ማኅተም ላይ ያለችው እግረ ረጅሟ ጸሐፊ ወፍ ናት። ስትጽፍ አንዱን ዘለለች፤ አያ አንበሳን። ረስታ ይሁን ፈርታ ተረቱ አይናገርም።

(ተረት ዓመተ ምሕረት የለውም። የካርቱም ተረት ግን አለው፤ በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ።)

የመጀመሪያው አንበሳ፣ ዐቡድ የሚሉት፣ 6 ዓመት ገዛ። በ1964 ኦክቶበር የዩኒቨርሲቲ ወይፈኖች ስለ ደቡቡ ጦርነት ሊመክሩ ተሰብስበው ሳለ ተተኮሰባቸው። ብዙም ሳይቆይ ሐኪሙም፣ ዳኛውም፣ ባቡር ነጂውም ከመዘውሩ ወጡ። አንበሳው ጥቂት አገሣ፤ ውኃ ሲጠማው ግን ጉሮሮው ደረቀ። በኖቬምበር ቤቱ ገባ። ሁለተኛው፣ ኑመይሪ፣ 16 ዓመት ቆየ። በ1985 ዳቦ አስወድዶ ወደ አሜሪካ ሄደ። እሱ በሌለበት መዘውሩ ቆመ፤ የገዛ ዘበኞቹም ኤፕሪል 6 ቀን በሩን ዘጉበት። ካይሮ ላይ ቀረና 14 ዓመት እዚያው ኖረ። ሦስተኛው አልበሽር ነው፤ በ1989 ገብቶ 30 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀረው።

6፣ 16፣ 30። በሬ ቁጥር አያውቅም ይባላል፤ ይህን ግን ቆጥረውታል። በሌላው አገር ሠራተኛው የሚነሣው የራሱ የጡረታ ዕድሜ ሲራዘምበት ነው። በ2023 ፈረንሳዮች ከ62 ወደ 64 ከፍ ሲባልባቸው የጽዳት ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው የፓሪስ መንገድ በቆሻሻ ክምር ታጥሮ ነበር። ለሁለት ዓመት! የካርቱም በሬ ግን የሚነሣው አንበሳውን ጡረታ ለማስወጣት ነው፤ የዚያ ዕድሜ ደግሞ በየተራው እየረዘመ ሄደ።

በ2018 መጨረሻ አያ አንበሳ 74 ዓመቱ ነው። ዱላውን ወደ ሰማይ እየወዘወዘ መጨፈር ይወዳል። ዘመኑ በ2020 ያበቃል የሚለው መስመር እንዲሰረዝ ከምክር ቤቱ ዝንጀሮዎች አብዛኞቹ ደገፉ። በዚያው ሰሞን የ1 ፓውንዱ ዳቦ 3 ሆነ። እኛ ዘንድ ተራኪ ሲጨርስ «አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል፤ ያን ሰሞን በባቡር ከተማዋ በአትባራ እንዲህ የሚል ቢገኝ በድንጋይ ይባረር ነበር።

ዲሴምበር 19 የአትባራ አህዮች ተነሡ። መፈክራቸው አጭር ነው፤ ይውደቅ፣ በቃ! የሰልፉን ቀንና ሰዓት የሚያስታውቁት የሌሊት ወፎች ነበሩ፤ ሐኪም፣ መምህር፣ ጋዜጠኛ ናቸው ይባላል፣ የአብዛኞቹን ፊት ያየ ግን የለም። የባለሙያዎች ማኅበር ይሏቸዋል። በተከታዩ ዓመት ኑመይሪ የወደቀበትን ኤፕሪል 6ን መርጠው አገሩን ሁሉ የጦሩ መምሪያ ደጃፍ ላይ አስቀመጡት። ኤፕሪል 11 ዘበኞቹ ራሳቸው አንበሳውን አነሡት። የአትባራ ባቡር ኤፕሪል 23 እስከ ጣሪያው ሞልቶ ሲገባ የነበረው እልልታ ሌላ ነው።

ታዲያ አንበሳው ሲነሣ ነብሩና ጅቡ በሩ ላይ ቆመው ተገኙ። ነብሩ ከጦሩ መምሪያ ነው። አያ ጅቦ የዳርፉር ነው፤ ጥፍር ያበቀለለት አንበሳው ራሱ ነው፣ «ጋሻዬ» እያለ። በሬዎቹ ሜይ 28 እና 29 መዘውሩን አቆሙ። ጁን 3፣ ረመዳን ሊፈታ ሲል፣ ንጋት ላይ ደጃፉ ላይ ያደሩት ተጨፈጨፉ፤ ከመቶ በላይ ወደቁ። እንዲያም ሆኖ ከጁን 9 ጀምሮ ካርቱም ለ3 ቀን ጭር አለች። ከጥቁር ዐባይ ምንጭ አገር የተላከ ሽማግሌም መሐል ገባ፤ ኦገስት 17 መዘውሩን በጋራ እንያዝ ተባብለው ፈረሙ። በ2021 ኦክቶበር 25 ነብሩና ጅቡ ፊርማውን በሉት። በ2023 ኤፕሪል 15 እርስ በርስ ተናከሱ፤ ጸሐፊዋ ወፍም ማኅተሙን ይዛ ወደ ፖርት ሱዳን በረረች።

በሬዎቹ ግራ የገባቸው እዚህ ላይ ነው። መቆም ያውቁበታል። ነገር ግን የቀድሞዎቹ አንበሶች ከመዘውሩ ውኃ ይጠጡ ነበር፤ ባቡሩ እንዲሄድላቸው፣ ሐኪሙ እንዲያክማቸው፣ ባንኩ እንዲከፈትላቸው ይፈልጋሉ። አያ ጅቦ ከጀበል ዓሚር የዛቀው ወርቅ አለው። ነብሩም የራሱ ፋብሪካና የራሱ እርሻ አለው። መዘውሩ ቢቆም የሚጠማው ባለማሳው ብቻ ሆነ።

ከጦርነቱ ሲሸሹ በመተማ መንገድ ላይ አንድ ጥጃ ጠየቀ፦ «አባባ፣ የእነዚህስ የጡረታ ዕድሜ ስንት ነው?»

«ከመቼ ጀምረን እንቁጠርላቸው?» አለ ሽማግሌው በሬ።

«ከ2023 ነዋ፣ ጦርነቱ ከተጀመረ» አለ ግመሉ።

«ኧረ ከ2021! ፊርማውን የበሉት ያኔ አይደል?» አለች ኦምዱርማን ቤቷን ጥላ የመጣችው አህያ።

«አንበሳው ያሳደጋቸው አይደሉም እንዴ? ከ1989 ነው የሚቆጠረው» አለ በሬው።

«እንግዲያውማ 30ውን አልፈዋል!»

ክርክሩ ድንበሩ ላይ ሰልፍ ይዘው ተራቸው እስኪደርስ አላለቀም። መዝጋቢው ቀና ብሎ በሬውን «አባት፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለው።

«ሥራ ማቆም» አለ በሬው።

መዝጋቢው «ሥራ የለውም» ብሎ ጻፈ።