«እምነቴ ነው» ኬላ አይፈተሽም

ድሬዳዋ ክርክር የማይጠፋባት ከተማ ናት። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዞ የተቀመጠ ይከራከራል፤ መጋላ ሱቅ ደጃፍ የቆመ ይከራከራል፤ ከሰዓት በርጫ ላይ የተሰየመማ ሥራው ይኸው ነው። በዚህ ቅሬታ የለኝም። የሚከነክነኝ ክርክሩ የሚዘጋበት መንገድ ነው። ማስረጃ ያለቀበት ወገን «ተሸነፍኩ» አይልም፤ «ቆይ ላጣራ»ም አይልም። ትራሱን አመቻችቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አቦ ተወኝ፣ ይሄ የኔ እምነት ነው» ይላል። አለቀ። ሲሞግተው የነበረው ሰውም የሰው እምነት የደፈረ እንዳይመስል ደንግጦ ወደ ጫቱ ይመለሳል። ልብ በሉ፣ ክርክሩ ስለ ፈጣሪ አልነበረም። የድሬዳዋ ውሃ ኩላሊት ላይ ጠጠር ይጥላል ወይስ አይጥልም የሚል ነበር።

እንግዲህ ሰው «አምናለሁ» ያለው ነገር ሐቅ ነው ወይስ አስተያየት? ልማዳችን ለእምነት ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መደብ ሰጥቶታል፤ እዚያ የገባ ነገር አይለካም፣ አይጠየቅም። እኔ ግን እንዲህ ያለ መደብ የለም ባይ ነኝ። «ድሬዳዋ ከሐረር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ናት» ብንል ነገሩ ይለካል፤ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናቸው። «ድሬዳዋ ከሐረር ትሻላለች» ብንል አስተያየት ነው፤ ሜትር አይገባበትም፣ የሐረር ሰው በሌለበት ቢነገር ይመረጣል። አሁን አንዱ ተነሥቶ «በኔ እምነት ድሬዳዋ ከሐረር ከፍ ትላለች» ቢል ምን እንበለው? በንግግሩ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። ሰውየው እንደዚያ ማመኑ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ያመነው ነገር ግን ሐሰት ነው፤ «በኔ እምነት» ስለተባለ ሐረር አንዲት ስንዝር ዝቅ አትልም። ድሬዳዋ ኮንትሮባንድ ምን እንደሆነ አስተማሪ አያሻትም፤ ከላይ የለበሰው ሸራ ሌላ፣ ከሥር ያለው ዕቃ ሌላ ነው። «እምነቴ ነው» የሚለውም እንደዚያው ሸራ ነው፤ ተራ የሐቅ ጥያቄ ለብሶት ኬላውን ሳይፈተሽ ያልፋል። ይህ ደግሞ የኛ ብቻ አመል አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 በማስረጃ ሊረጋገጡ ወይም ሊፈርሱ የሚችሉ አምስት አባባሎችንና አምስት አስተያየቶችን ቀላቅሎ ሰዉን «ለዩልኝ» ብሎ ነበር። አምስቱንም የማስረጃ አባባሎች በትክክል የለየው ከመቶ 26 ሰው ብቻ ነው። ያውም ያለ ምርቃና።

ወደ ውሃው እንመለስ። የድሬዳዋ ውሃ ከባድ መሆኑ ሐቅ ነው። ከተማዋ በብዛት የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይመጣል። ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ቢል፣ ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ቢያበቅል ምክንያቱ ይኸው ነው። «ጣዕሙ አይወርድልኝም» የሚል ካለ አስተያየቱ ነውና ይከበርለት። ሌላው ግን ቅርፊቱን በጣቱ እየፋቀ፣ «ብረቱን እንዲህ ካደረገ ኩላሊትህንማ አስበው» ይላል። ማንቆርቆሪያው እኮ ውሃ የሚፈላበት ዕቃ ነው። ቅርፊቱ የሚወጣው ውሃው ሲሞቅ በውስጡ የሟሟው ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ስለሚዘቅጥ ነው። ኩላሊት አይፈላም፤ በግንቦት፣ በድሬዳዋ ቀትርም ቢሆን አይፈላም። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ደግሞ ካልሲየም ኦግዛሌት የሚባል ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ፣ ከ45 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ወንዶችን የተከታተለ ጥናት እንዲያውም ከምግባቸው ብዙ ካልሲየም የሚያገኙት ጠጠር የሚይዛቸው አነስ ባለ መጠን መሆኑን አሳይቷል። በምግብ የገባው ካልሲየም ኦግዛሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል ተብሎ ይታሰባል። ታዲያ ድሬዳዋ ውስጥ ጠጠር የሚያመው ሰው የለም? አለ እንጂ። ሙቀት ያልባል፤ ያላበው ሰው ውሃውን ካልተካ ሽንቱ ይወፍራል፤ በወፈረ ሽንት ውስጥ ጠጠር ይቋጠራል። ሐኪም የሚመክረው መከላከያም ብዙ ውሃ መጠጣት ነው። እንግዲህ ጠጠር ፈርቶ ውሃ የሚቀንሰው ወዳጃችን በእምነቱ እየተመራ ወዴት እየሄደ እንደሆነ እናንተ ፍረዱ።

የሚያስገርመው ደግሞ የከተማዋን የከርሰ ምድር ውሃ ያጠኑ ባለሙያዎች የሚያነሡት ስጋት ሌላ መሆኑ ነው፤ ናይትሬት። ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከፍሳሽ ወደ ታች እየሰረገ ከውሃው ጋር ይገናኛል፤ ሲበዛ በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ውሃውን ማፍላትም አያጠፋውም። በርጫ ላይ ግን ስሙ ሲነሣ አይሰማም። ለምን? ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ማንቆርቆሪያ ላይ ቅርፊት አይተውም። በጣት ተፍቆ የማይታይ ነገር አማኝ አያገኝም። እምነታችንን የሚመርጥልን እንግዲህ ዓይናችን ነው ማለት ነው፤ ዓይን ደግሞ ላቦራቶሪ አይደለም።

እዚህ ላይ ሕገ መንግሥት ጠቃሽ ይነሣል። «አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነት፣ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመያዝና የመግለጽ መብት ሰጥተውኛል» ይላል። ሰጥተውሃል ወንድሜ፤ ይባርክልህ። አንቀጾቹ የሚጠብቁት ግን አንተን እንጂ ስለ ኩላሊት የተናገርከውን አይደለም። ያው አንቀጽ 29 ጎረቤትህንም «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሌላው ደግሞ «ስለ ሃይማኖትስ ምን ልትል ነው?» ብሎ ሊያፋጥጠኝ ይሞክራል። ሃይማኖት በሜትርና በላቦራቶሪ የሚቋጭ ነገር አይደለም፤ ድሬዳዋ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ረመዳን ሲገባ ክርስቲያኑ፣ ፍልሰታ ሲገባ ሙስሊሙ «ማስረጃ አምጣ» አይልም። በዚያ ላይ ሃይማኖት ከባለቤቱ ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት ይጠይቃል። የበርጫ እምነት ግን ቀበጥ ነው፤ ምንም ሳይከፍል የሃይማኖትን ያህል ክብር ይፈልጋል።

የሁሉም ብልጥ የሆነው ተከራካሪ ይህንን ይዞ ይመጣል፦ «አንተስ ብትሆን የሐረርን ከፍታ ራስህ ለካኸው? የለካውን አምነህ አይደል? ስለዚህ ሐቅ የምትለውም እምነት ነው።» ጎበዝ። የማውቀውን ሁሉ አልለካሁም፤ ማንም አልለካም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ አንዱ እምነት ምን ቢገኝ እንደሚፈርስ ያውቃል፣ ሌላው ምንም ቢገኝ አልፈርስም ይላል። ማስረጃ ካስፈለገ ከተማዋ ራሷ አለች። አፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. የፈቀዱት የባቡር መስመር ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር። መሐንዲሶቹ ተራራውን ሲለኩ ዳገቱ ብዙ ገንዘብ እንደሚበላ ታወቀ፤ ሐዲዱም ከተራራው ግርጌ አለፈ፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ከተማ ሆነ፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ይባል ነበር። እነዚያ ሰዎች «በኛ እምነት ባቡሩ ይወጣዋል» ብለው ድርቅ ቢሉ ኖሮ ከዚራ የለም፣ ለገሀሬ የለም፣ ይህ ሁሉ ክርክርም የለም። ድሬዳዋ የተወለደችው ሐሳባቸውን በልኬት ካረሙ ሰዎች ነው። የድሬ ልጅ ልኬትን ሲንቅ እናቱን መናቁ ነው።

ይህ ሁሉ ቀልድ የሚያልቅበት ቦታ የደቻቱ ወንዝ ነው። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ይነገድበታል፣ ይሻገሩበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል። «ከተማው ላይ ካልዘነበ ጎርፍ አይመጣም» የሚል እምነትም ነበር። ደቻቱ ግን ለእምነት ግድ የለውም፤ ዝናቡ የሚወርደው በደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ነው፤ ውሃው ከተማ የሚደርሰው ሰማዩ ጥርት ብሎም ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ጎርፉ መጣ፤ ከ250 በላይ ሰው አለቀ፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ጥፋቱ እዚያ በተኙት ላይ አይደለም፤ ድሃ ቤቱን የሚሠራው ባገኘበት ነው። ደሜን የሚያፈላው ማወቅ ሲገባው «እስካሁን ምንም አልሆነም፣ ወደፊትም አይሆንም» ብሎ የተኛው ሁሉ ነው፤ ዛሬም ክረምት ሲመጣ ያንኑ የሚደግመው ሁሉ ነው። ክሊፈርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት ጽፎ ነበር። ሰውየው አሮጌ መርከቡን ሳያስመረምር፣ ደህና ናት ብሎ ራሱን አሳምኖ፣ መንገደኞችን ጭኖ ይልካል፤ መርከቧም ትሰምጣለች። ከልቡ አምኖ ነበር። ክሊፈርድ ግን ጥፋተኛ ነው አለ፤ መርከቧ በደህና ብትደርስም ኖሮ ያው ጥፋተኛ ነበር፤ ሳይመረምር የማመን መብት አልነበረውምና። የሰው ሕይወት በሚያስይዝ ጉዳይ «እምነቴ ነው» ማለት መልስ አይደለም፤ ስንፍና ነው፤ ሲከፋም ወንጀል ነው።

ይሁን፣ ብዙ ተቆጣሁ መሰለኝ፤ ሙቀቱ ነው። ደግሞ ሁሉን ነገር በሜትር እየለኩ መኖርም አይቻልም። «ድሬ የፍቅር ከተማ ናት» ይባላል። ይህ የቱ መደብ ይግባ? ሐቅ ነው እንዳልል መለኪያው የለኝም። ልጁ ኦሮምኛ ጀምሮ፣ በሶማልኛ አጣፍጦ፣ በአማርኛ ሲጨርስ ማስረጃ ይመስላል፤ ጎረቤት ከጎረቤት የተጋጨባቸው ቀኖች ደግሞ ተቃራኒውን ይመሰክራሉ። አስተያየት ነው ብል ድሬ ላይ ማን ያስቀምጠኛል? ከሁሉ የሚያስቸግረኝ አንድ ጥርጣሬ ነው። ተራራ ሰው ስላመነ ዝቅ አይልም፤ ጎረቤት ግን ደግ ነው ብለው ሲያምኑት ደግ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንዲህ ከሆነ አንዳንድ እምነት ራሱ ሐቁን ይሠራዋል ማለት ነው፤ ይህም እስካሁን የደረደርኩትን ሊያፈርስብኝ ነው። ከሰዓት የሚከራከሩበት ሰዎች ስላሉ ለእነሱ ትቼዋለሁ። እስከዚያው ውሃችሁን አብዝታችሁ ጠጡ፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ሰማዩ ቢጠራም ደቻቱ ውስጥ አትደሩ።