ትንሿን ኩሽኔታ በውድ ገዝቶ በአንድ ቀን የማበላሸት ዘዴ

ሳንጃ ከተማ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የሙቅ አየር ሞተር ልሥራ ብሎ የተነሳ ልጅ ቀድሞ የሚቸገረው በኩሽኔታ ነው። ገንዘብና ድካም እንዴት እንደሚባክን ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ። ወንድሜ፣ ምክሩን ሁሉ ገልብጠህ አንብበው፤ እኔ የምፈልገው ሞተርህ እንድትዞር ነው።

ቁጥር ሳትይዝ ጎንደር ውጣ። ቅዳሜ ገበያ ገብተህ «ትንሽ ኩሽኔታ አላችሁ?» በል፤ ልኩንም በጣትህ አሳይ። ቤትህ ተመልሰህ ስትሞክረው ሻፍቱ አይገባበትም፤ የደርሶ መልሱ ትራንስፖርትም ከኩሽኔታው ዋጋ ይበልጣል። ቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን እንዳታነብ። 608 ማለት ቀዳዳው 8፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 625 ደግሞ 5፣ 16 እና 5 ነው። የትም አገር ቢሠራ ልኩ ያው ነው። ይህን በብጣሽ ወረቀት ጽፈህ ጎንደር ለሚሄድ ሰው ብትሰጠው የመንገድ ወጪው ባልባከነብህ ነበር።

የተቃጠለ ድሪልና ግራይንደር ሳይፈታ ይጣል። ብዙዎቹ ውስጥ 608 ወይም የእሱ ታናናሾች አሉ፤ ሞተሩ ሲቃጠል ኩሽኔታው ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይቀራል። የተሰበረ ፎቶ ኮፒ ማሽንም አትጠይቅ። በነጻ ወይም በጥቂት ብር የሚገኘው እዚያ ነው።

አሁን መዶሻ አምጣ። ኩሽኔታውን ሻፍቱ ላይ አስቀምጥና የውጭውን ቀለበት ምታ። ምቱ የሚሻገረው በብዮቹ በኩል ነው፤ የሚሄዱበትን ቦይ ይሰረጉዱታል። ስርጉዱ በዓይን አይታይም፤ በጣት ሲዞር ግን ቅርቅር ይላል። ብዙ አዲስ ኩሽኔታ አንድ ዙር ሳይሠራ የሚሞተው እንዲህ ነው፤ ሳይ ያንገበግበኛል። ሻፍት ላይ ሲገባ ግፊቱ በውስጠኛው ቀለበት ብቻ፣ መቀመጫ ቤቱ ውስጥ ሲገባ በውጭው ብቻ መሆን አለበት። ልኩ የሆነ ቁራጭ ቱቦና ሞርሳ ይበቃሉ፤ መዶሻው ይቅር።

ቀጥሎ በግራሶ ጠቅጥቀው። በሙቅ አየር የምትዞር ሞተር፣ ሮበርት ስተርሊንግ በ1816 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘባት ዓይነት፣ በትንሽ አቅም ስትሠራ ጉልበቷ እጅግ ጥቂት ነው። የኩሽኔታው የጎማ ክዳንና ወፍራም ግራሶ ብቻቸውን ያቆሟታል። ልጆች «ሥራዬ ተበላሸ» ብለው የሚተዉት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእጃቸው አይደለም። ክዳኑን በመርፌ ጫፍ አንስተህ፣ ግራሶውን ከእሳት ርቀህ በቤንዚን አጥበህ፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ብታደርግለት ልዩነቱን ወዲያው ታየዋለህ።

ካጠብከው በኋላ በኮምፕሬሰር አየር እያፏጨህ አዙረው። ደረቅ ብይና ቦይ በዚያ ፍጥነት ይፋጫሉ፤ ኩሽኔታው ቢፈነዳ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። ከዚያም ክፍቱን ደጅ አስጣው፤ በተለይ ሰሊጥ በሚታጨድበት በጥቅምት፣ አቧራው ሳይረግብ።

ይህን ካልፈለግክ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርቀህ ዘይቱን ጠብ አድርግለት። ጆሮህ ሥር አስጠግተህ በጣትህ አዙረው። ቅርቅር ካለ እንደገና እጠበው፤ ዝም ብሎ ከዞረ ወደ ሻፍቱ ውሰደው።