ለኪው እስኪመጣ

በአሞሌ ጨው ይሸጥ ይለወጥ በነበረበት ዘመን፣ ከአንድ ተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠች አንዲት መንደር ነበረች። መንገዷ አንድ ብቻ ነው። በቀኝ ገደል፣ በግራ የአጋም ቁጥቋጦ። ወደ ገበያም፣ ወደ ወንዝም፣ ወደ ደብሩም የሚኬደው በዚያው ነው።

ድሮ በመንደሪቱ በቅሎ የነበራቸው የደብሩ አለቃና ምስለኔው ብቻ ነበሩ። በቅሎዎቻቸው በአጋሙ በኩል ሲያልፉ እሾህ ይጭራቸዋል። ጭረቱ ይደርቃል፤ ጠጉር ይበቅልበታል፤ በሳምንቱ የሚያስታውሰው የለም።

አንድ ዓመት ግን እህሉም ማሩም አለቅጥ ሰመረና የመንደሩ ሰው ሁሉ በቅሎ አማረው። በቅሎ ደግሞ ተገዝታ ብቻ ቤት አትገባም። ከከተማው ገበያ እስከ መንደሩ ሦስት ኬላ አለ። የመጀመሪያው ኬላ በበቅሎዋ ዋጋ ላይ ይቀርጣል። ሁለተኛው የበቅሎዋን ዋጋና የመጀመሪያውን ቀረጥ ደምሮ ከድምሩ ላይ ይቀርጣል። ሦስተኛው ከዚያ ሁሉ ድምር ላይ ይቀርጣል። እንዲህ እየሆነ አንዲት በቅሎ እየሳበ ደጁ የደረሰ ሰው፣ የከፈለው የሦስት በቅሎ ዋጋ ነበር። የሚወዳትም የሦስቱን ያህል ነው።

ከገዢዎቹ አንዱ ማር ነጋዴ ነው። ሁለት በሬና አንድ ማሳ ሸጦ ዳማ ሠጋር በቅሎ አመጣ። በሰባተኛው ቀን ከገበያ ሲመለስ ከታፋዋ ላይ ጭረት አየ። ርዝመቷ ከትንሽ ጣት አይበልጥም። ጣቱን ምራቁን አስነክቶ አሻት። ስትረጥብ ጠፋች፤ ደስ አለው። ስትደርቅ ተመለሰች።

«ማነው የጫረብኝ?» አለ።

ሚስቱ «ጌታዬ፣ ጠጉር ይበቅልበታል። ይልቅ እራትዎ ሳይበርድ ይብሉ» አለችው። በላ፤ ምን እንደበላ ግን አላወቀም። ሌሊት ጧፍ አብርቶ ወደ ጋጣ ወረደ፤ አየ፤ ተመልሶ ተኛ፤ ደግሞ ተነስቶ ወረደ።

ጠዋት ጎረቤት ተጠራ። የመጀመሪያው ጎረቤት ጎንበስ ብሎ አየና «የቷ ናት?» አለ። ባለዳማው ተቀየመው፤ ከዚያ ወዲያ በደጁ አላስደረሰውም። ሁለተኛው «ውይ! ውይ! ምነው እንዲህ ባማረ ገላ ላይ!» ብሎ ደረቱን መታ፤ እሱ በጠጅ ተሸኘ። የጠጁን ወሬ የሰማው ሦስተኛው ጎረቤት ገና ከአጥሩ በር ላይ ሆኖ ማልቀስ ጀመረ።

አስተዛዝነው የተመለሱት ሁሉ የየራሳቸውን በቅሎ መመርመር ያዙ። የፈለገ ያገኛል። አንዱ ከጆሮ ሥር አገኘ፤ አንዱ ከሆድ በታች፤ አንዱ ደግሞ ምንም ቢያጣ «ተሸፋፍኖ ነው እንጂ አይጠፋም» ብሎ ሦስት ቀን ሲፈልግ ሰነበተ። አንዲት ባልቴት በቅሎ የላቸውም፤ እንጨት የሚያመላልሱባት አህያቸውን ይዘው መጥተው «የእኔዋም ጀርባዋ ጭረት በጭረት ነው» ቢሉ፣ «እማማ፣ አህያም ይቆጠራል እንዴ?» ተብለው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በቅሎ ሁሉ ተሸፈነ። መጀመሪያ በግላስ። ግላሱ እንዳይቆሽሽ በላዩ ጋቢ። ጋቢው እንዳይቀደድ በላዩ ሰሌን። ባለቤቱ ብርድ እየመታው በእግሩ ይሄዳል፤ በቅሎዋ የእሱን ጋቢ ደርባ ከኋላ ከኋላው ትከተላለች። ለምን እንደማይቀመጥባት የጠየቀው ሰው ካለ «ኮርቻው ይፍቃታ!» ይለዋል።

በገበያው ዳር ደግሞ በቅሎ ያዥ ልጆች በዙ። አንዲት በቅሎ ወደ ማሰሪያው ስትጠጋ አራት ልጆች በአንድ አፍ «ና! ና! ና! ወደ ግራ! ትንሽ! በቃ!» ይላሉ። ባለበቅሎው ቁራሽ አሞሌ ይሰጣቸዋል። ይጠብቁልኛል ብሎ አይደለም። ያልሰጠ ሰው በቅሎ ላይ እሾህ ከየት እንደምትመጣ ስለሚያውቅ ነው።

ጠቡ ሲበዛ ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ከጠዋት እስከ ማታ መክረው እንዲህ ሲሉ ደነገጉ፦ «ሁለት በቅሎዎች ቢተሻሹ በተተሻሹበት ይቁሙ። ለኪው መጥቶ ጭረቱን በሰንበሌጥ ለክቶ አጥፊውን እስኪለይ ድረስ፣ ከቦታው ኮቴ ያነቃነቀ ጥፋቱ የእሱ ነው።» ሁሉም «ይበል!» አለ። ለኪም ተሾመ። የተሾመው አንድ ነው፤ በቅሎዎቹ ሁለት መቶ ነበሩ።

አዋጁ በወጣ በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ዳማዋ ስትወርድ አንዲት ቦራ በቅሎ ስትወጣ ከመንገዱ ወገብ ላይ ተገናኙ። «አንተ ተመለስ» አለ ባለዳማው። «አንተ ተመለስ» አለ ባለቦራው። ማንም አልተመለሰም። በቅሎዎቹ ጎን ለጎን ተጣበው ሲያልፉ ሰሌን ከሰሌን ተፋጨ። ሁለቱም ባለቤቶች ዘለው ሽፋኑን ገለጡ። ከዳማዋ ጎን አንድ ጭረት፣ ከቦራዋ ጎን አንድ ጭረት። የጫራቸው የየራሳቸው ሰሌን ስንጥር ነበር፤ ነገር ግን ያን የሚጠይቅ አልነበረም።

«በንጉሥ አምላክ! እንዳትነቃነቅ!»

«አንተ ራስህ እንዳትነቃነቅ!»

«በማር እሰጥ!» አለ ባለዳማው።

«አገባ!» አለ ባለቦራው።

«በፍየል እሰጥ!»

«አገባ!»

«በበቅሎ እሰጥ!»

«አገባ!»

ዳኛ ፊት ሳይደርሱ፣ የተጣሉባቸውን በቅሎዎች ተወራረዱባቸው።

ከኋላቸው ሰው ተጠራቀመ። ጨው የጫኑ አህዮች ቆሙ። ቅቤ በቅል የያዘች ሴት ቆመች። ከላይ ሠርገኛ መጣ፤ ከታች ለቀብር የሚወጣ አስከሬን መጣ። የሟች ወገኖች «ስለ እግዚአብሔር፣ እንለፍ» ቢሉ ሁለቱም «አዋጅ ነው፣ አባቶቼ» አሉ። ፀሐይዋ በረታች፤ ቅቤው ቀልጦ በሴትዮዋ አንገት ላይ ወረደ። ሰው ግን አልተቆጣም። ጭነቱን አውርዶ ወደ ፊት እየተጋፋ መጣና ይፈርድ ጀመር። «የሚወርድ ለሚወጣ ይለቃል» አለ አንዱ። «የለም፣ ባዶ የሆነ ለጫነ ነው የሚለቀው» አለ ሌላው። አስከሬኑን የተሸከሙት ሳይቀሩ ቃሬዛውን አስቀምጠው ሐሳብ ሰጡ። እስከ ማታ ድረስ መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። ሙሽራው ከባለዳማው ወገን፣ አማቱ ከባለቦራው ወገን ሆነው ተገኙ። ሠርጉ ቀረ።

ለኪው አልመጣም። ከወንዙ ማዶ በሌላ ጭረት ተይዟል ተባለ። ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት አለፈ። ባለበቅሎዎቹ ማሳቸውን ለአረም ትተው ከበቅሎዎቻቸው እግር ሥር ማደር ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት ባለዳማው ማለዳ ተነስቶ ጭረቷን ቢያይ ደነገጠ። ጠጉር በቅሎባታል።

«ለኪው መጥቶ ደህና ገላ ቢያገኝስ?» አለ። «በበቅሎ ተወራርጃለሁ!»

ከቁጥቋጦው የአጋም እሾህ ቆረጠና በጭረቷ መስመር ላይ አስኬደ። በቅሎዋ እግሯን ስታነሳ «ተይ፣ አዋጅ አለ» አላት። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እንዲሁ አደረገ። ዝንብ እንዳያርፍባት እሬት ቀባት። ባለቦራውም ይህን አይቶ እሾህ ቆረጠ፤ እጁ ሳተና በአንድ ጣት አስረዘመው። የባለዳማው እጅ በማግስቱ በሁለት ጣት ሳተ። መተማመን ስለጠፋ ለየጭረቱ ዘብ ተቀጠረ። በቅሎዎቹም ኮቴ እንዳያነሱ አራት እግራቸው በአራት ካስማ ታሰረ።

ክረምት ገባ። መንገዱ መካከል ጎጆ ተቀለሰ፤ ከጎጆው አጠገብ ጠላ ቤት ተከፈተ፤ ያ አስከሬንም ከዚያው ከመንገዱ ዳር ተቀብሮ አርባው ወጣ። መንገደኛው አጋሙን እየጣሰ በጓሮ ማለፍ ለመደ። ያለፈ ሁሉ ተቧጨረ። የተቧጨረ ሁሉ ከዋርካው ሥር ተሰልፎ ለኪ ይሰጠኝ አለ። አጋሙ ሦስት ጊዜ ለፍርድ ተጠርቶ ስላልቀረበ በሌለበት ተፈረደበት።

በመስቀል ማግስት «ለኪው መጣ!» ተባለ። እውነትም በተራራው ጠመዝማዛ ላይ፣ ሰንበሌጡን በአጎዛ ጠቅልሎ፣ በበቅሎው ተቀምጦ ብቅ አለ። ሊቀበለው የወጣው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ነበርና፣ የለኪው በቅሎ የባልቴቲቱን አህያ ታክኮ አለፈ።

ለኪው ወረደ። ጎንበስ ብሎ የበቅሎውን ጎን አየ። ጣቱን ምራቁን አስነክቶ አሸት አደረገ። ቆየና «የለኪን በቅሎ ራሱ ለኪው ሊለካ አይገባም» ብሎ ከዚያው ከቆመበት ቆመ። ሌላ ለኪ እንዲሾም ሰው ተላከ።

ባልቴቲቱ አህያቸውን ይዘው ሊሄዱ ሲሉ «እማማ፣ ወዴት?» ተባሉ።

«አህያም ይቆጠራል እንዴ፣ ልጆቼ?»

«አሁን ይቆጠራል።»

ቆሙ። ሁለተኛው ለኪ መጣ፤ የእሱ ሰንበሌጥ ከመጀመሪያው ሰንበሌጥ በአንጓ አጥሮ ተገኘና፣ ሰንበሌጦቹን የሚለካ ሦስተኛ ለኪ ይሾም ተባለ። እሱን ያየው የለም።

በጥቅምት አንድ ሌሊት ጅብ መጣ። ቦራዋ ከጎጆው ጥግ ነበረች፤ ዳማዋ ከደጅ። ጅቡ አራት እግሯ የታሰረ በቅሎ ከዚያ በፊት አጋጥሞት አያውቅም፤ ተረጋግቶ በላ። ዘቡ እሳቱ ዳር ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። የተቀጠረው ግን ጭረቷን እንዲጠብቅ ነበርና ጭረቷ ላይ ዓይኑን ተክሎ አደረ። ጅቡም ከታፋዋ በላይ ሲደርስ እሬቱ ስለመረረው ያቺን ቁራጭ ቆዳ ትቷት ሄደ።

ጎህ ሲቀድ ባለዳማው እሾሁን ይዞ መጣ። አራት ካስማና የተቆረጠ ገመድ አየ።

«ምን ሆነ?» አለ።

«ጭረቷ ደህና አድራለች፣ ጌታዬ» አለ ዘቡ፤ ቁራጯንም በሁለት እጁ አቀረበለት።

ባለዳማው ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞራት። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ተከተላት። አልተነካችም። «ተመስገን» አለና ከድንጋይ ላይ ፀሐይ አሰጣት።

ቀትር ላይ ቆዳው ደርቆ ተኮማተረ። ባለቦራው ከጎጆው ወጥቶ፣ ከአጠገቧ ተንበርክኮ፣ በራሱ ሰንበሌጥ ለካት።

«ጭረትህ አጥራለች» አለ።

«አላጠረችም።»

«ትናንት ከዚህ ትረዝም ነበር። በፍየል እሰጥ!»

«አገባ!» አለ ባለዳማው፣ ቆዳዋን የሚዘፈዝፍበት ውኃ እንዲያመጣለት ዘቡን እየላከ።