የግራ እጄ ሥዕል

ጥፍሬን የምቀባው እኔው ነኝ። ሳሎን ገብተው የሚያሠሩ ጓደኞቼ ጥፍር ያምራል፤ ጠርዙ የተስተካከለ፣ በጄል የሚያብረቀርቅ፣ ሳምንታት የሚቆይ ነው። የተመረጠው ግን ከሳሎኗ ናሙና ላይ ነው። የኔ ናሙና የለውም። ክረምቱ ሲከብድ ግራጫ ቀብቼ የዝናብ ጭረት አወርድበታለሁ። አባቴ ታሞ የተኛ ጊዜ ሁሉንም ጥቁር ሰማያዊ አድርጌ፣ የቀለበት ጣቴ ላይ ብቻ አንዲት ቢጫ ነጥብ አስቀመጥኩ። ምንድን ናት ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ለጠያቂ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው» እያልኩ ስመልስ፣ የፈራሁትም ተስፋ ያደረግሁትም እዚያች ጣት ላይ ነበር።

ዕቃዬ ጥቂት ነው፦ ከመርካቶ የተገዙ ኩቴክሶች፣ አሴቶን፣ ጥጥ፣ ስቴኪኒ። የአበባ ቅጠል በስቴኪኒ ጫፍ እየተጎተተ ይወጣል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ መፍጠን ያስፈልጋል። ግራ እጄን ቀኜ ይስለዋል። ቀኜን የሚስለው ግን ግራዬ ስለሆነ፣ እዚያ ያሉት አበቦች ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። አብልጬ የምወደው እነሱን ነው። ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከሥሩ ባዶ መስመር ብቅ ሲል፣ ቀጥሎ ምን እንደምስል ማሰብ እጀምራለሁ።

ዘንድሮ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አደይ አበባ ልስል ተቀመጥኩ። ቤቱን የቁሌት ሽታ ሞልቶታል። ቀኝ እጄ ላይ ስደርስ መብራት ሄደ። ወዲያው አክስቴ በአንድ እጃቸው ቄጠማ፣ በሌላው የበራ ሻማ ይዘው ገቡ። እጄ እርጥብ ስለነበር አንጓዬን ዘርግቼ ሰላም አልኳቸው። «በጨለማ ዓይንሽን ልታጠፊ ነው እንዴ ልጄ?» ብለው ሻማውን አጠገቤ ሊያስቀምጡ ጎንበስ አሉ።

«እቴቴ፣ ያርቁት! ይቀጣጠላል!» ብዬ ጮህኩ።

እውነቴን ነው። አሴቶን እንፋሎቱ ሳይቀር እሳት ይስባል። ኩቴክሱም ቢሆን ዋናው ነገሩ ኒትሮሴሉሎስ ነው፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መኪና ይቀባበት የነበረው ቀለም የሚሠራበት፣ በቀላሉ የሚነድ ነገር። እቴቴ ደንግጠው ወደ ኋላ ሲሉ የነጠላቸው ጫፍ የአሴቶኑን ጠርሙስ ጎትቶ ደፋው። እናቴ በእቁብ ገንዘብ የገዛችው ቡፌ ላይ ፈሰሰ። በጥጥ ስጠርገው ቫርኒሹ አብሮ ተነሣ፤ መዳፍ የሚያህል ቦታ ነጣ።

እናቴ ከኩሽና እየሮጠች መጥታ መጀመሪያ ያየችው እጄን ነው። ደኅና መሆኔን ስታውቅ ወደ ቡፌው ዞረች። ብዙ አልተናገረችም። ዳንቴል አምጥታ ሸፈነችው፤ ወደ ወጧም ተመለሰች።

እቴቴ ግን አልሄዱም። ከፊቴ ተቀምጠው ስለ እንሶስላ ያወሩኝ ጀመር። ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ይደረጋል፣ ታስሮ ያድራል፣ ጠዋት ሲፈታ ቀይ ሆኖ ይወጣል። እጇ የታሰረውን ሌላዋ ታጎርሳታለች። እንሶስላ ሲሞቁ ያደሩባቸውን ሌሊቶች ሲያነሡ ድምፃቸው ሁሉ ተለወጠ። ያን መሰል ሌሊት አላየሁም፤ ቀናሁባቸው። ይሁን እንጂ እንሶስላ የሚናገረው የቤቱን ደስታ ነው፣ ሠርጉን፣ በዓሉን። ሙሽራዋ ብቻዋን የምታስበውን ምን ላይ ትጽፈው ነበር? ጠየቅኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ማን ጠይቆን ያውቃል?» አሉኝ።

ከዚያ ስቴኪኒውን ከእጄ ወሰዱ። ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው በስልኬ መብራት፣ ቫርኒሹ በተነሣበት እንጨት ላይ በቢጫ ኩቴክስ አደይ አበባ ሳሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አበባዋ ግን ሰፊና ደፋር ሆና ወጣች። ከኔ ሁሉ ትበልጣለች፤ ለመሸንገል ያልኩት አይደለም።

እናቴ አሁን ዳንቴሉን አንድ ቀን ታለብሰዋለች፣ አንድ ቀን ታነሣዋለች። እቴቴ ደግሞ ለመስቀል እመጣለሁ ብለውኛል። ቀይና ነጭ ኩቴክስ እንድገዛላቸው አዘዋል፤ ምን እንደሚስሉ ስጠይቃቸው አይነግሩኝም፣ ጥፍራቸውንም ማንም እንዳይነካባቸው አስጠንቅቀዋል።